ሞፈር የታሰረባት ካሚዮን

«ቁም! ኧረ ቁም፣ ልጄ! ነፍስ እኮ ነው የጫንኸው!»

እማሆይ አመተ ማርያም ከላይ፣ ከባቄላው ጆንያ መካከል ተንበርክከው፣ የሹፌሩን ክፍል ጣራ በመቋሚያቸው ይደበድባሉ። ደምሌ ግን ሳይነገረውም ለማቆም እየታገለ ነበር። በስተግራ፣ ከፊተኛው ጎማ ሥር፣ አንድ ነገር እንደ ጠመንጃ ጮሆ ከተሰበረ ወዲህ መሪው አልታዘዝ ብሎት ካሚዮኗ ወደ ገደሉ እየሳበችው ነው። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት። ጎማው ከመከላከያው ቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ ጥቂት ተንፏቀቀና አፋፉ ላይ ቀጥ አለ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ።

ሞተሩን ሲያጠፋው የሚሰማው የፈትለወርቅ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ፈትለወርቅ ምጥ ላይ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡ ከያዛት ሁለት ሌሊት አልፎ ሦስተኛው ቀን ነግቷል። ከስማዳ በኩል ካለው መንደሯ እስከ ንፋስ መውጫ ያመጣት የአገሯ ሰው ነው፤ በቃሬዛ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ደምሌን ገበያው ዳር ባቄላ ሲጭን አገኙት። «ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አድርስልን» ብለው እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ከለከላቸው። ደምሌ ክፉ ሰው አይደለም። ከጆንያው መካከል ቦታ አስለቀቀላት፤ በገዛ እጁ ደግፎ አወጣት። ከዚያ ያን ሁሉ ላቡ የወረደ ተሸካሚ አየና አዘነለት።

«በሉ፣ እናንተ ተመለሱ» አላቸው። «ከዚህ ወዲያ የእኔ ናት። ለምሳ ደብረ ታቦር ነን።»

ሰዎቹ መርቀውት ተመለሱ። ቃሬዛውንም ይዘውት ሄዱ። ቃሬዛው የደብሩ ነው፤ የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው፤ ነገ ሌላው ሲታመም ይፈለጋልና ከአገር አርቀው አይተዉትም። ከእርሷ ጋር የቀሩት ባሏ ዋለና የዋለ አክስት እማሆይ አመተ ማርያም ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ይህችን «ለምሳ ደብረ ታቦር ነን» ያላትን ቃል ያዙልኝ። ቀኑን ሙሉ ከደምሌ ጆሮ አልወጣችም።

ደምሌ ከካሚዮኗ ሥር ገብቶ ሲወጣ ዋለ ከራስጌው ቆሞ ጠበቀው።

«ምን ሆነች?»

«ባሌስትራ ነው።» ዋለ እንዳልገባው አየ። «ጎማዋን ከገላዋ ጋር የሚያይዝ፣ ተደራርቦ የጎበጠ ብረት አለ። እርሱ ተቆርጦ ጎማዋ ወደ ኋላ ሸሸ።»

«ይበጃል?»

«በእኔ እጅ?» አለ ደምሌ፤ ከወንበሩ ሥር ከረጢቱን ስቦ አወጣ።

ያን በበጋ ብቻ የሚኬድበትን መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮች ሁሉ የደምሌን ከረጢት ያውቋታል። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ የሰበሰባት ናት። በውስጧ ከሱቅ የተገዛ ነገር የለም። ካቻቪቴው የማጭድ ስባሪ ነው። መዶሻው ከሞተ መኪና የተቆረጠ ብረት ነው። የካንዴላ ማጽጃው የጃንጥላ ሽቦ፣ ዘይት መቅጃው ከጣሳ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነው። የካሚዮኗ ጌታ በቅርቡ ክሪኩንና የመፍቻውን ሣጥን ለሌላው መኪናው ሲወስድ ደምሌ ሰው በተሰበሰበበት «ይውሰዱት፣ እኔ ከረጢት አለኝ» ብሎ ነበር። ሰውም ስቆ አድንቆት ነበር።

ከመንገዱ በላይ ያርስ የነበረ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ወረደ። ሞላ ይባላል፤ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ጅራፉን ከአንገቱ ያላወረደ ሰው ነው። ካሚዮኗን አንድ ጊዜ ዞራት። ከዚያ ድምፁ ወደሚመጣበት ቀና አለ።

«ምጥ ነው?»

«አዎ፣ አያ» አለ ዋለ። «ሦስተኛ ቀኗ።»

«ሦስተኛ!» ሞላ ጅራፉን ከአንገቱ አወረደ። «ታዲያ ምን ቆማችኋል? ሰው ልጥራ። ተሸካሚ ካልጠፋ አቋራጩን አውቀዋለሁ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ እናስገባታለን።»

«በትከሻ?» አለ ደምሌ። «ገደል ለገደል ስትንገላታ ትዋል? አያ፣ እናንተ ቃሬዛ አስራችሁ ሳትጨርሱ እኔ ይህችን አስነሥቼ እነዳለሁ። ኮረብታው ላይ ስትደርሱ እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነኝ።»

«አንተ ሹፌር፣ ቃልህ ነው?»

«ይኸው እጄ።»

ሁለቱም ወደ ዋለ ዞሩ። ሚስቱ ናት፤ ፍርዱ የእርሱ ነው። ዋለ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ገበሬ ነው፤ መኪና ላይ ሲወጣም የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ካሚዮኗን አየ፤ የሞላን ከሲታ ትከሻ አየ።

«መኪና ይፈጥናል፣ አይደል?» አለ።

«እኔ የማውቀው የሰው ትከሻ ነው» አሉ እማሆይ ከላይ። «ግን አሮጊት ነኝ፤ ስለ ብረት ምኑን አውቄው!»

ዋለ ወደ ካሚዮኗ አመለከተ። በዚያው ተቆረጠ።

መጀመሪያ ካሚዮኗን ማንሣት ነበረባቸው። ሞላ ለቤት ካስቆረጠው ባሕር ዛፍ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን ጎትቶ አመጣ። ደምሌ ጫፉን ከፊተኛው ብረት ሥር አስገብቶ ድንጋይ አስደገፈው፤ ሞላና ዋለ በሌላው ጫፍ ተንጠለጠሉ። ካሚዮኗ ቃተተች እንጂ አልተነሣችም። ባቄላውን ማራገፍ ግድ ሆነ። ለፈትለወርቅ መደገፊያ ጥቂት አስቀርተው ጆንያ በጆንያ አወረዱ። ሁዳዴ ነውና እህል በአፋቸው አልዞረም። ደግመው ሲንጠለጠሉ ካሚዮኗ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ደምሌ በእንብርክክ እየሄደ ድንጋይ ደረደረላት።

ቀጥሎ ቡሎኖቹ መጡ። ባሌስትራውን ጠፍንገው የያዙት እነርሱ ናቸው፤ ካልተፈቱ ጎማው ወደ ቦታው አይመለስም። እነርሱን የሚያህል መፍቻ ግን ከረጢቱ ውስጥ የለም። ደምሌ ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፎ ፈለገ። መልሶ ከቶ ደግሞ ዘረገፈና ፈለገ፤ እንደሌለ እያወቀ። ቀና ሲል የሞላ በሬዎች ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ቆመዋል።

«አያ ሞላ፣ ወገልህን አውሰኝ።»

«ምኔን?»

«ወገልህን፤ ማረሻውን የሚይዘውን የብረት ቀለበት። ማረሻውንም ጨምርልኝ።»

ሞላ ወደ ካሚዮኗ፣ ከዚያም ወደ ደምሌ አየ። «ምነው ሰውዬ፣ ልታርስባት ነው?»

«ቶሎ በል፣ እባክህ።»

ደምሌ ወገሉን ድንጋይ ላይ አጋድሞ እየቀጠቀጠ ጠበብ አደረገው። ቡሎኑ ራስ ላይ አጠለቀው፤ የማረሻውን ጫፍ በቀለበቱና በቡሎኑ መካከል ሰክቶ እንደ እጀታ ጫነው። ሾለከ። እንደገና ሰካ። ሾለከ፤ የጣቶቹ አንጓ ከብረቱ ጋር ተላተመና ደም አወጣ። ሲሾልክ፣ ሲሰካ፣ ከላይ ፈትለወርቅ ስትጮኽ፣ እማሆይ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ፣ ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ደረሰች። የመጀመሪያው ቡሎን ጪጭ ብሎ ሲዞር ሞላ እንደ ልጅ ጨፈረ።

«ተፈታ! እሰይ! የእኔ ወገል ጉድ ነው! ከእንግዲህ ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ አንተ በሬዎቼን ትጠብቃለህ!»

ዋለም ሳቀ። ከሦስት ቀን ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደምሌም የልቡ ሐሳብ ለጊዜው ተቃለለለት። ሁሉም ነገር በእጁ የሚገባ መሰለው።

ጎማው በባሕር ዛፉ እየተገፋ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን የተሰበረውን ባሌስትራ የሚደግፍ እንጨት ያስፈልጋል፤ የጠነከረ፣ የደረቀ፣ ትንሽ የጎበጠ። ደምሌ ወደ እርሻው አየ።

«ሞፈሬን አይሆንም!» አለ ሞላ። «አሁንስ አበዛኸው። አገሩ ሁሉ ሲያርስ እኔ ሞፈሬን መኪና በላችው ልበል? ይህች ጉድ ደኅና ሳለች ሣር አትበላ፤ ስትታመም ግን የገበሬን ሙሉ ዕቃ ትበላለች!»

ከላይ ፈትለወርቅ ረጅም ጩኸት ጮኸች። ሞላ ሄዶ በሬዎቹን ፈታ፤ ሞፈሩን በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ደምሌ እግር ሥር ጣለው።

«ማሰሪያውስ?» አለ። «ሽቦ አለህ?»

«ሽቦ አይችለውም። ጠፍር ነው የሚይዘው። እርጥብ ጠፍር ታስሮ ሲደርቅ ብረት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

«ማወቁንስ አውቃለሁ። ከየት ይመጣል? ሁዳዴ ነው፤ ማን አርዶ? የእኔ ጠፍር አርጅቷል፤ የቀንበር ማነቆ እንኳ አይሆንም።»

ከዚያ ከላይ የፈትለወርቅ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት አልነበረም፤ የደከመ ቃል ነበር።

«የተኛሁበትን ውሰዱት።»

የተኛችበት የዋለ እናት ቁርበት ነው። ዋለንና ወንድሞቹን ሁሉ የወለዱት በእርሱ ላይ ነው። ምራታቸው መንገድ ስትነሣ «በዚህ የተኛች ባዶ እጇን አትነሣም» ብለው አንጥፈውላት ነበር። እማሆይ ቁርበቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«የእህቴን ቁርበት ለመኪና?» አሉ፤ ለማንም ያሉት አይመስልም።

«እማሆይ፣ ካደረሰኝ ምን አለ» አለች ፈትለወርቅ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ዞራ ደምሌን ቁልቁል አየችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ታደርሰኛለህ አይደል፣ ወንድምዓለም?»

«አደርስሻለሁ፣ እኅቴ» አለ ደምሌ።

አንሥተው በባቄላው ጆንያ ላይ አስተኟት፤ ጋቢ ደረቡላት። ሞላ ቁርበቱን ከሥር ካለው ጅረት ነክሮ አለሰለሰው፤ ከዳሩ ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ቆረጠው። ቁርበቱ አልቆ አንድ ረጅም ጠፍር ሆነ። ሞፈሩን ከባሌስትራው ጋር አጋጥመው፣ ዋለ በአንድ በኩል ሞላ በሌላ በኩል እግራቸውን ከብረቱ ጋር ገትረው እየሳቡ፣ ዙር በዙር ጠመጠሙት። ሞላ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ አጠበቀው። ቡሎኖቹንም በዚያው በወገሉ መልሰው አሰሩ።

«እንግዲህ ውሃ እንዳይነካው» አለ ሞላ አፉን እየጠረገ። «ውሃ ከነካው የለም በለው።»

«ሲደርቅ ግራሶ እቀባዋለሁ። ውሃ አያስገባም።»

«ወንዙስ?»

«ስመጣ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ጎማዬን እንኳ አላረጠበኝም።»

መድረቅ ግን ሥራ አይደለም፤ መጠበቅ ነው። ከዚህ በኋላ ደምሌ የሚሠራው አጣ። እሳት ከጎኑ አነደዱ፤ ፀሐዩም ተኮሰ። እርሱ በየጊዜው ተጎንብሶ ጠፍሩን በጣቱ ይነካል፤ ይነሣል፤ ተመልሶ ይነካል። ዋለ ከካሚዮኗ ጎን ቆሞ በሳንቃው ቀዳዳ እጁን አስገብቷል፤ ከውስጥ የሚስቱ ጣቶች ይዘውታል። ስታምጥ ጣቶቹን ትጨምቃለች፤ መጀመሪያ አጥንቱ እስኪሰማው፣ በኋላ በኋላ እንደ ሕፃን እጅ።

ከጋራው ማዶ የቅዳሴ መግቢያ ደወል ተሰማ። እማሆይ አማተቡ። ምሳ ካለፈ ቆይቷል።

«ልጄ» አሉ ወደ ደምሌ ጎንበስ ብለው፣ ዋለ እንዳይሰማ። «ድምፅዋ እየቀነሰ ነው። ምጥ ሲገፋ እንዲህ አያደርግም። ሲደክም ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«እየደረቀ ነው፣ እማሆይ። ይንኩት፤ ይኸው።»

«እኔ ስለ ጠፍር አይደለም የምነግርህ።»

ሌላ ምን ይበላቸው? ሰው ጥራ ብሎ ሞላን እንዳይልክ፣ ጠፍሩ ሊደርቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ ዝም ብሎ እንዳይጠብቅ፣ የሰሙትን ሰምቷል። ያን ያህል ጊዜ ከጠበቁ በኋላ መተዉ ደግሞ ከመጠበቁ የባሰ መሰለው። ሰው እንዲህ ነው፣ ልጆቼ፤ የተሳሳተ መንገድ ላይ ብዙ ከሄደ መመለሻው ይርቅበታል።

ጠፍሩ ሲያንኳኩት እንደ እንጨት ድምፅ ሲሰጥ ደምሌ ግራሶ ቀባው። ድንጋዩን ከሥር አነሡ። ካሚዮኗ በሞፈሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሞፈሩ አንድ ጊዜ ቃ አለና ያዘ። ባቄላውን መንገድ ዳር ትተው ተሳፈሩ። ሞላም ባሕር ዛፉን ጭኖ ወጣ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለው ደምሌ።

«ሞፈሬ ወደሄደበት ነዋ! ሞፈሬ ደብረ ታቦር ገብቶ እኔ ባዶ እጄን ልቀር? በሬዎቹን ሚስቴ ታግባቸው።»

ካሚዮኗ ሄደች። እንደ በሽተኛ እየተጠነቀቀች፣ እያነከሰች፣ ግን ሄደች። ጉድባ በደረሱ ቁጥር ደምሌ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሞፈሩ ይቃትታል፣ ይይዛል። ሞላ ከላይ «አይዞሽ! አይዞሽ፣ የእኔ ሞፈር!» ሲል ዋለ ሳይወድ ይስቃል። ደምሌ መስተዋቱን እያየ ለራሱ፣ «እንዲያው ትንሽ ብቻ» ይላል፤ «እንዲያው ዛሬን ብቻ።»

መታጠፊያውን ሲወጡ የጉና ተራራ ጠቁሯል።

እነርሱ ላይ ጠብታ አልወረደም። ከላይ ግን ጋራው በደመና ተሸፍኖ መብረቅ ይጋረፋል። ደምሌ ወንዙን ሳያየው ድምፁን ሰማ። ሲደርሱ ያ በጎማ ሥር ይንሸራተት የነበረ ውሃ ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ደምሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና እስከ መሐል ሄደ። ጉልበቱን አለፈው።

«ይጎድላል?» አለ ዋለ ከዳር።

«ይጨምራል እንጂ» አለ ሞላ። «ጉና እንዲህ ከሆነ ሌሊቱን ሁሉ ነው።»

ደምሌ ወጥቶ ጠፍሩን ነካው። ደረቅ ነው። ግራሶውን አየው፤ ከረጢቱን ጠርጎ የቀረውን ሁሉ ደረበበት። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

«ያዙ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ውሃው ካሚዮኗን ከጎን መታት። ደምሌ አልቆመም። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ ወረደች፤ ሁለተኛውንም። ፊተኞቹ ጎማዎች ወዲያ ማዶ አሸዋውን ነክተው ወጡ፤ ሞላ «እሰይ!» ሲል የመሪው ድምፅ ተለወጠ። መሪው ለሰለሰ። ደምሌ በእጆቹ ታወቀው። ካሚዮኗ ዳገቱን ልትይዝ ስትል ግራ ጎማዋ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቆርቆሮውን ነክሶ ቆመ። ኋለኞቹ ጎማዎች ውሃ ውስጥ ናቸው።

ደምሌ ወርዶ በጭቃው በደረቱ ተሳበ። ጠፍሩ እንደ አንጀት ለስልሷል፤ ግራሶው ከላይ እንዳለ አለ፤ ውሃው በሞፈሩ በኩል ከሥር ገብቷል። ያዘና ሳበው፤ ተሳበለት። ጠምጥሞ አጠበቀው፤ ሲለቀው ረገበ። እንደገና ሳበ፤ እጁ በደምና በግራሶ ተንሸራተተ። ሞላ እሳት ሊያነድ ሞከረ፤ እንጨቱ ርሶ አልያዝ አለ። ጀንበር ከጋራው ልትገባ ነው።

«ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል» አለ ደምሌ ከካሚዮኗ ሥር። «ጧት ማልዶ…»

የዋለ ባዶ እግሮች ከጎማው ጎን ቆመው ይታዩታል። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣውም። ቢሰድበው በወደደ ነበር።

«እማሆይ» አለ ዋለ ወደ ላይ። «ዝም አለች እኮ።»

«ትተነፍሳለች።» የእማሆይ ድምፅ ደርቋል። «ከዚህ ሌላ አትጠይቁኝ።»

ደምሌ ከካሚዮኗ ሥር እንደተኛ የጨረሰውን ሥራ ወደ ላይ አየው። ጥሩ ሥራ ነበር። ያለ ክሪክ፣ ያለ መፍቻ፣ በገበሬ ዕቃ የተሠራ፤ ለሹፌሮች ቢያወራው ዓመት የሚያስቅና የሚያስደንቅ። ሞፈሩን ካወጣው ካሚዮኗን የሚይዛት የለም፤ ወንዙም እየመጣ ነው። የሰው ንብረት ናት፤ የእርሱም እንጀራ ናት።

እጁን ከሥር አውጥቶ ዘረጋ።

«አያ ሞላ፣ ቢላህን።»

«ልትቆርጠውና እንደገና ልታስረው? ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እርጥብ…»

«ቢላህን ስጠኝ።»

ቋጠሮው ላይ አሳረፈው፤ ሞላ በጥርሱ ያጠበቀው ቋጠሮ ላይ። ቆረጠ። ዙር በዙር እየፈታ ጠፍሩን ወደ ውጭ ወረወረው። ሞፈሩን በእግሩ ገፍቶ ሲያወጣው ካሚዮኗ አንድ ጊዜ ተንገራገጨች፤ እማሆይ ፈትለወርቅን በገላቸው ሸፈኗት።

«ቶሎ አውርዷት» አለ ደምሌ፤ ከሥር ወጥቶ ቆመ። ፊቱ በሙሉ ጭቃ ነው። «ሞፈርህ አንዱ ወጋግራ ይሁን፤ ባሕር ዛፉ ሌላው። ጠፍሩን መሐል ለመሐል ጠልፉት፤ እንደ አልጋ። አንተ ዋለ፣ ጉብታው ላይ ውጣና ተጣራ። ከዚህ በላይ መንደር አለ። ምጥ ነው በል፤ የሚሰማህ እስኪመልስልህ ተጣራ።»

ዋለ ሮጠ። «ኧረ የወገን ያለህ!» ሲል ድምፁ በጋራው ተመልሶ መጣ። ሞላ ጎንበስ ብሎ እጁ እንደለመደው ጠፍሩን ከሞፈር ወደ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፍ ወደ ሞፈር ይጠልፍ ጀመር። እርጥብ ስለሆነ አሁን እንደፈለገው ታዘዘው። ቀን ከሥሯ የተነሣው ቁርበት ተመልሶ መኝታዋ ሆነ።

አውርደው ሲያስተኟት ዐይኗን ገለጠች።

«ደረስን?» አለች።

ደምሌ ከረጢቱን አንሥቶ ገለበጠው። የማጭዱ ካቻቪቴ፣ መዶሻው፣ ሽቦው፣ ቆርቆሮው አሸዋው ላይ ተዘረገፈ። ባዶውን ከረጢት አጥፎ ከራሷ በታች አደረገላት።

«አልደረስንም፣ እኅቴ» አለ።

ከጉብታው ማዶ አንድ የሰው ድምፅ ለዋለ መለሰ፤ ቀጥሎም ሌላ፤ ሩቅ ነው። ዋለ ከጉብታው ወርዶ እየሮጠ መጣ። ከኋላቸው ውሃው የካሚዮኗን ሳንቃ መምታት ጀምሯል።

«ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ?» አለ ሞላ፤ በወጋግራዎቹ ጫፎች ላይ ዐይኑን እያዞረ። «ዋለ አለ፣ እኔ አለሁ። አንተ እንግዲህ መኪናህን…»

ደምሌ ወደ ካሚዮኗ ዞሮ አላየም። ተንበርክኮ በሞፈሩ ጫፍ ሥር ትከሻውን አስገባ።

«አንሣ» አለ።